ስለ «ፊደል ለቃሚዎች»

በመጨረሻው ጠቅላላ ጉባኤያችን የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ለእርማት ሥራ የጠየቀው ጥቂት ገንዘብ ለውይይት በቀረበ ጊዜ፣ አንድ ነባር አባል ተነሥተው «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች እኛ እዚህ ተቀምጠን ሃሌታው ሀ ነው ሐመሩ ሐ እያልን ፊደል እንልቀም ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ፤ ከኋላ የተቀመጡትም አጨበጨቡ። ጥያቄያችን በድምፅ ብልጫ ወደቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዝግጅት ክፍሉ የምንሠራው ሁሉ «ፊደል ለቃሚዎች» ተብለን እንጠራለን። ከመካከላችንም ሁለቱ ሥራውን ትተዋል።

ስሙን አንጠላውም። በእርሳስ ፊደል ዘመን በማተሚያ ቤት ከየሣጥኑ ሆሄ እያነሣ በመስመር የሚደረድረው ሠራተኛ ፊደል ለቃሚ ይባል ነበር፤ ዐይን የሚያፈዝ፣ ጣት የሚያጠቁር፣ ነገር ግን ያለ እርሱ አንድም ጋዜጣ የማይወጣበት ሥራ ነበር። የምንቃወመው ስሙ የተነገረበትን መንፈስ ነው። ይህ መንፈስ ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያለ ሲሳደብ የኖረው የጥንቱ ንቀት ነው። ባሕር ተሻግሮ፣ ዲግሪ ጭኖ፣ ስለ ሕዝብ የሚናገር ሆኖ ቢመጣም ያው ነው። ሐሳብ ማፍለቅ የጌታ፣ የፈለቀውን ሐሳብ አጥርቶ ለአንባቢ ማድረስ የሎሌ ሥራ ነው ብሎ ያምናል። እኛ ይህን እምነት ከሥሩ የተሳሳተ ነው እንላለን። ከዚያም አልፈን፣ ምን ሙያ እንያዝ እያሉ ለሚጠይቁን ወጣት አባላት የአራሚነትንና የአርታዒነትን ሙያ ያለ ኀፍረት እንዲጀምሩ እንጠራቸዋለን።

በመጀመሪያ «ሆሄ ምን ያደርጋል» ለሚለው ክርክር መልስ እንስጥ። ባለፈው እትማችን ስለ መሬት ጉዳይ በወጣው የአቋም መግለጫ ላይ ጸሐፊው «ገበሬው በራሱ ጉዳይ ይመክራል» ብሎ ጽፎ ነበር። እኛ ያተምነው «ገበሬው በራሱ ጉዳይ ይመከራል» የሚል ነው። ሳድሱ «ክ» ግዕዙን «ከ» ሆነ፤ ልዩነቱ የትንኝ እግር አያህልም። ነገር ግን በዚያች በትንኝ እግር ምክንያት መካሪው ገበሬ ተመካሪ ሆነ፤ በራሱ ጉዳይ የሚቀመጠው ሸንጎ ፈርሶ፣ ሌላ ሰው ከላይ ቆሞ የሚገሥጸው ሆነ። መግለጫው የተጻፈበትን ዓላማ ራሱ መግለጫው ካደ። «ይመርጣል» እና «ይመረጣል»፣ «ይከስሳል» እና «ይከሰሳል» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውም ርቀት ይኸው ነው። በአማርኛ አድራጊና ተደራጊ የሚለያዩት ብዙ ጊዜ በአንዲት ሆሄ ቅርጽ ነው። ስለ ሕዝብ ሥልጣን የሚጽፍ ሰው ሕዝቡን ከአድራጊነት ወደ ተደራጊነት የምታወርደውን ሆሄ ከናቀ፣ የናቀው ፊደልን ብቻ ነው ብለን አናምንም።

ይህ የመጽሔት ጣጣ ነው፤ ከመጽሔት ውጭ ያለው ግን የከፋ ነው። አንድ ወንድማችን የጥገኝነት ማመልከቻውን በአማርኛ ጽፎ ለአስተርጓሚ ሰጠ። በ1997 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ በተነሣው ግርግር፣ ጥቅምት 24 ቀን 1998 ዓ.ም. ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከቤቱ ተወሰደ። አስተርጓሚው ቸኩሎ ኦክቶበር 24 ቀን 1998 ብሎ አለፈ፤ ሰዓቱንም ሳይለውጥ ስምንት አለው። ጥቅምት 24 ቀን 1998 ዓ.ም. በፈረንጅ አቈጣጠር ኖቬምበር 3 ቀን 2005 ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓትም የእነርሱ ሁለት ሰዓት ነው። መዝገቡን የመረመረው ሹም በ1998 እንዲህ ያለ ምርጫ በኢትዮጵያ እንዳልተደረገ ያውቅ ነበርና፣ ወንድማችን ሐሰተኛ ተብሎ ወደ ቤቱ ተላከ። ስሕተቱ እስኪታወቅና እስኪታረም ድረስ በሥጋት የኖረባቸውን ወራት የሚመልስለት የለም። ትርጉሙን ከዋናው ጋር አስተያይቶ የሚያነብ አንድ ሰው፣ የመጀመሪያ ተግባሩም ቀንና ቁጥር መመልከት የሆነ አራሚ በመካከል ቢኖር ኖሮ፣ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ባለቀ ነበር። «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች» ያሉት አባል ከዚያች አገር የሸሸው ሰው ምን ላይ እንደሚወድቅ ቢመለከቱ መልካም ነው።

የእኛ ቋንቋ ኅትመት የተጀመረው በስደት መሆኑን ብዙዎቻችን አናስታውስም። ዮሐንስ ፖትከን የሚባለው ጀርመናዊ በሮማ ከነበሩት የኢትዮጵያ መነኮሳት የግዕዝን ፊደል ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በ1513 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ቋንቋውንም በስሕተት ከለዳዊ ብሎ ሰየመው። የመጀመሪያው የፊደላችን መጽሐፍ ከነስሙ እርማት የሚሻ ሆኖ ተወለደ ማለት ነው። ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ፣ ከደብረ ሊባኖስ ወጥተው በሮማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም የተጠለሉት አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው አዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። አባ ተስፋ ጽዮን ለመጽሐፉ ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ፊደሉን የሚደረድሩት ሰዎች ማንበብ እንደማይችሉ፣ መነኮሳቱም ማተም እንደማያውቁ፣ የተረዳዱትም ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ እንደ ነበረ ሳይሸሽጉ ተናገሩ። የሐዋርያት ሥራ በእጃቸው በነበረው ቅጂ ጎድሎ ስለ ነበር፣ የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ተርጉመው መሙላታቸውንም አልደበቁም። እኛ በዚህ ሰው ፊት ባርኔጣችንን እናነሣለን። ያልታወቀ ነገር ሸፍኖ ከማለፍ ይልቅ «ይህ የእኛ ሙሌት ነው» ማለት የአርታዒ ሁሉ የመጀመሪያ ሕግ ነውና።

የመጀመሪያው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ያው የባዕድ አገር ልጅ ነው። አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ላይ ተረጐሙት፤ ወንጌሎቹ በ1824 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ታተሙ፤ ለኅትመት ያሰናዷቸው ግን ኢትዮጵያን ያላዩት እንግሊዛዊው ቶማስ ፔል ፕላት ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ የምንወደው ታሪክ ግን የመዝገበ ቃላቱ ታሪክ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አስረከቡ፤ ኪዳነ ወልድም ብዙ ዘመን በኢየሩሳሌም ሲደክሙበት ኖረው ሳይታተም አረፉ፤ በሦስተኛው እጅ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተቀብለው አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ከዚያ በኋላ ነው የራሳቸውን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ያወጡት። ሰው የራሱን ትልቅ መጽሐፍ በእጁ ይዞ ሳለ የመምህሩን ሥራ አስቀድሞ ፊደል በፊደል አርሞ ሲያሳትም ይህን ፊደል ለቀማ የሚሉት ከሆነ፣ ከእነዚያ ለቃሚዎች ጋር መቈጠር ለእኛ ሹመት ነው።

አባ ተስፋ ጽዮን የተናገሩት ችግር ዛሬም አልተፈታም። በ2004 እ.ኤ.አ. የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ለነዋሪው በቋንቋው እንዲያቀርቡ ግዴታ ገባ፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ሆነ። የጤና፣ የትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይና የምርጫ ወረቀት በአማርኛ መታተም ጀመረ። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ገጹን የሚያሰናዳው ሠራተኛ ፊደላችንን አያነብም። ቃል መካከል ላይ ሰብሮ ወደ ሚቀጥለው መስመር ይጥላል፤ አራት ነጥቡን ከዐረፍተ ነገሩ አላቅቆ ለብቻው መስመር ላይ ያስቀምጣል፤ የፊደሉ ዓይነት ሲጠፋበት በሆሄ ፈንታ ባዶ ሣጥን ይደረድራል፤ የአንዱን ገጽ ግማሽ በሌላው ገጽ ላይ ለጥፎ ያትማል። ማንበብ የማይችል ያትማል፣ ማተም የማያውቅ ያነባል፤ 470 ከሚያህል ዓመት በኋላም እዚያው ነን። በዚህ መካከል የጎደለው ሰው፣ ሁለቱንም የሚያውቅ ወይም ቢያንስ ለሁለቱም የሚናገር አራሚ ነው። ሥራው አለ፤ ሠራተኛው ነው የሌለው።

ይህን ስንል ከሌላ ወገን ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ይህኛውንም ከመጀመሪያው ይልቅ እናከብረዋለን። አንዳንድ አባላት፣ በተለይም በዕድሜ የገፉት፣ ቀይ እርሳስ በጽሑፋቸው ላይ ሲያዩ ደማቸው ይፈላል። አይፈረድባቸውም። በንጉሠ ነገሥቱም ሆነ በደርግ ዘመን በአገራችን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር እጅ ያልፍ ነበር። ዐረፍተ ነገሩ የተቆረጠበት፣ መጽሐፉ የተወረሰበት፣ እርሱም የታሰረበት ሰው ሌላ ሰው ብዕር ይዞ ወደ ገጹ ሲጠጋ ቢጠራጠር መብቱ ነው። ሆኖም አራሚና ሳንሱር በመሣሪያ እንጂ በግብር አይገናኙም። ሳንሱር የሚያነበው ስለ ገዢው ነው፤ አራሚ የሚያነበው ስለ አንባቢው ነው። ሳንሱር ምክንያቱን አይናገርም፣ አራሚ በኅዳጉ ምክንያቱን ጽፎ ለጸሐፊው ይመልሳል፤ የመጨረሻውም ቃል የጸሐፊው ነው። ጸሐፊው ሳያውቅ አንድ ሐሳብ የለወጠ አራሚ ከሙያው ወጥቷል፤ እርሱን ሳንሱር ብትሉት አንከራከርላችሁም።

በዚህ ረገድ የእኛም እጅ ንጹሕ አይደለም። ከጥቂት እትሞች በፊት በወጣ አንድ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ የወሎ ሽማግሌ «ኸቤቴ ወጣሁ» ሲሉ፣ ከመካከላችን አንዱ ስሕተት መስሎት «ከቤቴ» ብሎ አቀናው፤ በዚያው ጉልበት የሽማግሌውን ንግግር ሁሉ አዲስ አበባ የተማረ ጸሐፊ የሚናገረው አስመሰለው። ደራሲዋ እኅታችን መጽሔቱ ሲደርሳት ደብዳቤ ጻፈችልን። «አያቴን ገደላችሁብኝ» አለች። ልክ ነበረች። የአንድ አውራጃ አማርኛ የሌላው አውራጃ አማርኛ ስሕተት አይደለም፤ አራሚው የተወለደበት ቀበሌም የቋንቋው ሚዛን አይደለም። ሰዋስው የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ትዕቢት ነው፣ ስለዚህ ለጀማሪ የምንመክረው የመጀመሪያው ነገር ምን መንካት እንዳለበት ሳይሆን ምን መንካት እንደሌለበት እንዲያውቅ ነው።

ስለ ፊደሉ ክርክርም አንድ ቃል እንናገር፤ ሁሉም ሰው የሚጠብቀን እዚያ ላይ ነውና። ሞክሼ ሆሄያት ይቀነሱ የሚሉ አሉ፤ አይነኩ የሚሉ አሉ። በግዕዝ ሠዐለ ሥዕል ሣለ፣ ሰአለ ለመነ መሆኑን ስለምናውቅ ልባችን ወደ ኋለኞቹ ያደላል፤ ይህ ጽሑፍም በዚያው መንገድ ተጽፏል። ነገር ግን የእርማት ጥያቄ ይህ አይደለም። በገጽ 3 «ፀሐይ» ብሎ በገጽ 7 «ጸሀይ» የሚል መጽሔት ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ ግዴለሽ ብቻ ነው። በኮምፒዩተር ዘመን ደግሞ ግዴለሽነቱ ዋጋ ያስከፍላል። ለመሣሪያው «ኃይሉ» እና «ሃይሉ» ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በአንዱ የፈለጋችሁትን በሌላው አታገኙትም። በፓስፖርትና በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል የደረሰበት ያውቀዋል። የቱንም ምረጡ፤ የመረጣችሁትን ጽፋችሁ ያዙ፤ አትልቀቁት።

እንግዲህ እንዴት ይጀመራል? ልምድ ያስተማረንን እንናገራለን። እርማት ሁለት ንባብ ነው፣ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ እሠራለሁ የሚል ሁለቱንም ያበላሻል። በመጀመሪያው ንባብ ነገሩ ይታያል፤ ሐሳቡ ይሄዳል ወይ፣ ቀኑ ከቀኑ ይስማማል ወይ፣ በመግቢያው አምስት የተባሉት ሰዎች በመጨረሻው አራት አልሆኑም ወይ። «ዳኛው ይሰማል» የሚል ቢገኝ፣ የሚያዳምጠው ዳኛው ነው ወይስ የሚደመጠው? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍምና ምንም ያህል ሆሄ ብትቈጥሩ መልሱን አታገኙም፤ ዐረፍተ ነገሩ እንዲለወጥ ጸሐፊውን መጠየቅ ግድ ነው። በሁለተኛው ንባብ ሐሳቡን ረስቶ ሆሄን ብቻ ማየት ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ የድሮው የንባብ ቤት ዘዴ ነው፤ አንዱ ከረቂቁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው በፕሩፉ ላይ በጣቱ ይከተላል። ረዳት ያጣ ሰው ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ወደ ኋላ ያንብብ፤ ሐሳቡ ስለሚቋረጥ ዐይኑ ቃሉን ለማየት ይገደዳል። አርዕስት ለብቻው፣ ቁጥር ለብቻው፣ የሰው ስም ለብቻው ይታይ። አርዕስትን ሁሉም ሰው ትክክል ነው ብሎ ያልፈዋልና ትልቁ ስሕተት ዘወትር በትልቁ ፊደል ነው የሚቀመጠው። የራስን ጽሑፍ ማረም ደግሞ አይቻልም፤ ዐይን የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ያያል። ይህ ጽሑፍም በሌላ ሰው ታርሟል፤ የቀረበት ስሕተት ግን የእኛ ነው።

መሣሪያን በተመለከተ፣ ጀማሪ የሚታለልበት ነገር ስላለ ጥቂት እንቆይ። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ስለ ነበረው፣ የዚያ ዘመን ብዙ ጽሑፍ ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። ያንን መልሶ ማንበብና ማስተካከል ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ የሚሠራውም ጥቂት ነው። የቃል ማረሚያ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ነገር ግን ከአንድ የአማርኛ ግሥ የሚወጣው ቅርጽ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፣ በቃላት ዝርዝር የሚሠራ መሣሪያ ትክክለኛውን ቃል በቀይ ያሰምርበታል፤ «ይመከራል» የሚለውን ግን ቃል ነውና ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ጉግል አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ካስገባ ወዲህም፣ ከዚያ በኋላ ከመጡት አዳዲስ መሣሪያዎች ጋር፣ «እንግዲህ ሰው አያስፈልግም» የሚሉን በዝተዋል። እኛ ተቃራኒውን ነው የምናየው። የድሮው ስሕተት ሻካራ ነበር፤ እጅ ሲነካው ይታወቃል። የአሁኑ ልስልስ ያለ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ያምራል፣ ቀኑ ግን የሌላ ዘመን፣ መድኃኒቱ የሚወሰድበት ሰዓትም የፈረንጅ ነው። እንዲህ ያለውን የሚይዝ አንባቢ ከቀድሞው የበለጠ የነቃ መሆን አለበት።

በመጨረሻ ስለ ገንዘብ፤ ጉባኤው የሳቀው በእርሱ ላይ ነውና። በስደት ማኅበረሰባችን አንድ ክፉ ልማድ አለ። ለጠበቃ እንከፍላለን፣ ለአዳራሽ እንከፍላለን፣ ለድግሱ ሥጋ እንከፍላለን። ጽሑፍ ለሚያርም ሰው ግን «ለወገንህ ነው፤ አንድ ጊዜ ዐይንህን ጣል አድርግበት» እንላለን። ሦስት ሌሊት የፈጀው ሥራ ዐይን መጣል ይባላል። ሥራውን ከተዉት ሁለት ባልደረቦቻችን አንዷ ቀን በሆስፒታል አዳሪ በሽተኞችን ትጠብቃለች፣ ሌሊት የእኛን ገጾች ታነብ ነበር፤ ስትሰናበት ያሰማናት ቃል ምስጋና ሳይሆን ወቀሳ ነበር። በዚያ ሌሊት ያለ እርሷ ለማድረስ ተጣደፍን፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የ«ይመከራል» እትም የዚያ ሩጫ ውጤት ነው። ስለዚህ ወደ ሙያው ለሚገቡ ወጣቶች በግልጽ እንናገራለን፤ ዋጋችሁን ሥራው ሳይጀመር ተናገሩ፣ በገጽ ወይም በሰዓት መሆኑን በጽሑፍ አስፍሩ፣ ለማኅበራችሁ በነጻ ልትሠሩ ከፈቀዳችሁም ዋጋውን ጽፋችሁ «ተሰጥቷል» በሉ፣ የሰጣችሁት ምን ያህል እንደ ሆነ ይታወቅ።

የበጀቱን ጥያቄ በሚመጣው ጉባኤ እንደገና እናቀርባለን። እስከዚያው ድረስ ቅዳሜ ማታ በማኅበሩ ክፍል እናነባለን፤ መማር የሚፈልግ እርሳስ ይዞ ይምጣ፣ ረቂቁ ከእኛ ነው። ያን ጥያቄ ያነሡት ነባር አባልም ቢመጡ ወንበር አለ፤ ድምፃቸው የሚሰማ ነውና ለማንበብ ይሆናሉ።

እርማት፦ ባለፈው እትም በገጽ 11፣ በሁለተኛው ዐምድ፣ ከላይ በዘጠነኛው መስመር «ገበሬው በራሱ ጉዳይ ይመከራል» የሚለው «ገበሬው በራሱ ጉዳይ ይመክራል» ተብሎ ይነበብ።